የአባባ ትራክተር ጠቅ ጠቅ ይበል

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8። ማታ 5 ሰዓት።

ትራክተሩ ዛሬም ቆመ፣ ደብተሬ። ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን (ከዚህ በኋላ ጋሽ መ.፣ ቀለም ልቆጥብ) ለሦስተኛ ጊዜ አከሙት። ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ ተክለው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይደግፋሉ፣ እንደ ሐኪም። ጠቅ ጠቅ ካለ ቫልቩን፣ የሞተሩን የአየር በር፣ ያጠብቃሉ። ዝም እስኪል። “ጥሩ ሞተርና ጥሩ ልጅ ድምፁ አይሰማም” ይላሉ፣ እኔን እያዩ።

ሞተሩ ዝም አለ። ግማሽ ሰዓት አረሰ። ሲሞቅ ጉልበቱ ከዳው፤ ጠፋ። አሁንማ ጭራሽ አይሰማም።

አጎቴ ደወለ። ቅዳሜ ቁራሌው ይመጣል፤ ትራክተሩ ለብረት ሊሄድ ነው። አያቴ፣ አባባ ቱሉ፣ ስልኩን ዘግተው ወደ ትራክተራቸው ሄዱ። ምሳም አልበሉ። ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ሥር የቀረችን ማሳ አንዲት ናት። ትራክተሩ ከሄደ ማን ያርሳታል?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9። ከት/ቤት መልስ።

አገኘሁት! የቴክኒክ ት/ቤት ደብተሬ ውስጥ ተጽፏል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ቫልቩ ትንሽ ክፍተት ካልተተወለት፣ ሲሞቅ መዝጋት ያቅተዋል፤ የታመቀው አየር ያመልጣል። ጠቅ ጠቁ ጤና ነው! ጋሽ መ. ጤናውን ሲያክሙ ከርመዋል።

ክፍተቱ የሚለካው ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። አባባ ደግሞ ሊነጋጋ ሲል ተነስተው “እንዳይበርደው” ያስነሱታል። ማታም ይደግሙታል። ይህ ሞተር ቀዝቅዞ አያውቅም።

ስለዚህ ማንቬላውን፣ የማስነሻውን ብረት፣ ሰረቅሁ። ጆንያ ሥር አለ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10። ጠዋት 1 ሰዓት።

አባባ ማንቬላ ፍለጋ ግቢውን እያመሱ ነው። ሌባውን ረገሙ። እኔም አብሬ ረገምኩ።

ሽፋኑን ፈታሁ። ሁለቱም ቫልቮች እስኪዘጉ ሞተሩን በእጄ አዞርኩ። ከት/ቤት የተዋስኳትን ፊለር ጌጅ፣ ውፍረቷ የተጻፈባትን ስስ ብረት፣ ልክተታት ብል አልገባ አለች። ጭራሽ ክፍተት የለም! ዳዶውን አላላሁ። ትንሽ ያዝ እያደረጋት እስክትንሸራተት። አጠበቅሁ። ደግሜ ለካሁ፤ ሲጠብቅ ልኩ ይሸሻላ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሽፋኑን መልሼ አሰርኩ፤ ለማንም እንዳትናገር።

ማንቬላው “ተገኘ”። ተነሳ! ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ጋሽ መ. በአጥር ብቅ አሉ።

“አንቺ ልጅ፣ የስፌት መኪና አደረግሽው እኮ! አምጪ ላጥብቀው።”

“አይነኩትም ጋሼ!” አልኩ። እኔ!

አባባ ሁለታችንንም አዩን። “እስከ ቅዳሜ ማንም እንዳይነካው” አሉ። ለእኔ ፈረዱ ወይስ እየተሰናበቱት ነው?

ዓርብ። ዝናብ። ማሳው ጭቃ፣ መሞከር የለም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12። 9 ሰዓት።

ደብተሬ ደብተሬ ደብተሬ! የቁራሌው ፒክአፕ ከነብረቱ በራችን ላይ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። አብሮት የመጣው አጎቴ በአዲስ ጫማው ገፋ። ባሰበት። አባባ ትራክተሩን አስነስተው ገመድ አሰሩ። ድንጋይ፣ ጩኸት፣ እንደገና ገመድ። ከአንድ ሰዓት በላይ። ሞቀ። አልጠፋም! ጎትቶ አወጣው።

ቁራሌው ወደ አጎቴ ዞር ብሎ “ይሄን ነው ብረት ያልከኝ?” አለውና ሄደ። አጎቴ ማን እንደሠራው ጠየቀ። አባባ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። “ባለሙያዋ እሷ ናት።” አለቀ። ራት አያስፈልገኝም፣ ጠግቤያለሁ።

እሁድ፣ ሐምሌ 13።

ጋሽ መ. ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሰፈሩ ሁሉ “እኔ ነኝ ያስተማርኳት” ሲሉ ዋሉ። ልቤ ነደደ። ማታ ግን አጥሩ ጋ ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “የወፍጮ ቤቱም ሞተር ሲሞቅ ይጠፋል፤ እሱንም ያጠበቅሁት እኔ ነበርኩ” አሉኝ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

ወሰንኩ። አስተማርኳት ይበሉ፣ ግድ የለም። ነገ ወፍጮ ቤት ግን ባትሪ የሚያበሩት እሳቸው ናቸው፤ የምለካው እኔ።