አይቻለሁ ያሉት እህታችን

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት አባታችን ሲቀበሩ በተነበበው የሕይወት ታሪክ ላይ «የአምስት ልጆች አባት ነበሩ» ተባለ። ስድስት ነን። የተዘለሉት የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ዛሬ የምንቀብራቸው እህታችን ናቸው። ከሰው ርቀው ቆመው ሰሙ። ታናሽ እህታቸውም አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ያ ቃል እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም።

እህታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ሚያዝያ 11 ቀን 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው ስፌት ያዙ። የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ የሱሪውን ጠርዝ ሦስት ጣት አጥፈው «ልጅ እኮ የሚያድገው ዘንድሮ ብቻ አይደለም» ይሉ ነበር። በ1973 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሳያነቡ መቀስ አያነሡም ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ወንድማችን ጠጥቶ ሲነዳ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ገጨ፤ ሰውየው እግራቸውን አጡ። እህታችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ወንድምሽ ነው፤ አላየሁም በይና ውጪ» አላቸው።

«መጽሐፉን ይዤ? በየቀኑ የማነበውን?» አሉ።

ፍርድ ቤት ቆመው ያዩትን ተናገሩ። ወንድማችን ሦስት ዓመት ታሰረ፤ አባታችንም «ደጄን እንዳትረግጪ» አሏቸው። ዘመድ «ጻድቋ መጣች» እያለ ሰላምታ ነሳቸው። እሳቸው ግን በየወሩ የአባታችንን በር ያንኳኩ ነበር፤ አንድም ቀን አልተከፈተላቸውም። ይቅርታ ጠይቂ ሲባሉ «እውነት ስለተናገርኩ ይቅርታ አልጠይቅም። ጌታዬ ፊት የምቆመው ብቻዬን ነው» አሉ። እንዳሉም ኖሩ።

በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲማቅቁ ያስታመሟቸው ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ናቸው። ከእኛ ወገን የመጣ የለም። ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና አምስት ወንድሞችንና እህቶችን ትተዋል። ሰው የዘጋባቸውን በር ጌታ በሰፊው ይክፈትላቸው።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ወንድማችን «የፍርድ ቤቱ ነገር ይቅር፤ ሬሳ ፊት አይወራም» ብሎ ሰርዞት ነበር። ታናሽ እህታቸው የተሰረዘውን መልሳ ጽፋ፣ ራሷ ማተሚያ ቤት ወሰደችው። ይህንንም ጨመረችበት፦ ዳቦ ጋጋሪው የተገጩ ቀን እሷም ከእህታችን ጎን፣ ከኋላ ወንበር ነበረች። ፍርድ ቤት መጽሐፉን ይዛ አላየሁም ብላ ማለች። አይታለች።