ወጌሻዬን ጦረኛ ላደረግህብኝ ወንድሜ

ይድረስ ለምወድህና ሰሞኑን ደሜን ላፈላኸው ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? እማዬ ወገቧ ተሻላት ወይ? የአባባስ ሳል ለቀቀው? ታናሻችን ሚጡ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ ከንዴት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ንዴቱ ግን ቀላል እንዳይመስልህ። የምጽፍልህ መደወል አቅቶኝ አይደለም፤ ስልክ ላይ አንድ ቀልድ ጣል ታደርግና ታስቀኛለህ፣ ከሳቅኩ በኋላ ደግሞ መቆጣት አይሆንልኝም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ይህን የኮምፒውተር ጨዋታ እኮ አብረን ነው የጀመርነው። ወደ ውጭ አገር ልሄድ ሰሞን «በአካል ብንራራቅ እዚያ ውስጥ እንገናኛለን» ያልከኝ አንተ ነህ። ጨዋታው በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ለየሙያው ስም ያወጣነውም እኛው ነን፤ ሰይፍ የሚይዘውን ጦረኛ፣ እሳት የሚወረውረውን አስማተኛ፣ ኪስ የሚያወልቀውን ሌባ፣ የቆሰለ የሚያድነውን ወጌሻ አልን። አንተ መጀመሪያ ሌባ ሆነህ «ሌብነቱ ተሳክቶልኛል፣ አሁን ቁልፍ መስበር እየተማርኩ ነው» ስትለኝ እማዬ ሰምታ በድንጋጤ ክው አለች። ጦረኛ የሆንከው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወጌሻ ነኝ፤ ማንም አልገፋፋኝም።

ወጌሻ ማሳደግ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ ደግሞ ታውቃለህ። እናንተ ጭራቅ በገደላችሁ ቁጥር ነጥብ ይዘንብላችኋል፤ እኔ ከኋላችሁ እየተከተልኩ ቁስላችሁን ሳሽግ ነው ጠብ የሚልልኝ። በዚያችው ነጥብ መጀመሪያ ደም ማቆም ተማርኩ፣ ቀጥሎ መርዝ ማውጣት፣ ቀጥሎ የተሰበረ አጥንት መጠገን። ጎሚስታው ጓደኛህ «ኧረ ጋሻ እንኳ ያዢ፣ ንፋስ ሁሉ ይጥልሻል» እያለ ሲያሾፍብኝ፣ እኔ ነጥቤን አጠራቅሜ ከሁሉም በላይ ያለውን ችሎታ፣ የወደቀ ሰው ማንሳትን አገኘሁ። ያን ቀን ከእኔ በላይ የጨፈርከው አንተ ነበርክ።

አሁን ያለፈው እሑድ የሆነውን ስማ። ዐርብ ዕለት፣ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ እኚያ ጡረተኛ አስተማሪ ዐረፉ። ነግሬሃለሁ መሰለኝ፤ ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው የአነጋገር ስህተቴን እያረሙ የሚስቁት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር የማነሳቸው እኔ ነበርኩ። ዐርብ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። ኃላፊዋ «ክፍሉን ለሌላ ሰው አዘጋጂው» አለችኝና ወጣች። አንሶላ ቀየርኩ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄድኩ። እሑድ ዕረፍቴ ሲደርስ ኮምፒውተሬን የከፈትኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወደቀ ሰው ላነሳ።

ስገባ ነጭ ቀሚስ ለባሿ ወጌሻዬ ከእግር እስከ ራሷ ብረት ለብሳ፣ ቁመቷን የሚያክል መጥረቢያ ተሸክማ ተገትራለች። የሌላ ሰው ቤት የገባሁ መስሎኝ ወጥቼ እንደገና ገባሁ። ያው እሷው ነች። ሳልረጋጋ ጎሚስታው ድልድዩ ላይ ወደቀና «ወጌሻ፣ ድረሽልኝ!» ይላል። እንደ ልማዴ የማንሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። ጎንበስ ብላ ታነሳዋለች ስል መጥረቢያዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ፎከረች! ደግሜ ተጫንኩ፣ ደግማ ፎከረች። እሱ እግሯ ሥር ሞተ፣ እናንተ በሳቅ ፈረሳችሁ። እኔ ዘግቼው አለቀስኩ። አብራኝ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ከአገር ቤት መርዶ የመጣብኝ መስሏት እቅፍ አድርጋ ስታባብለኝ ዋለች።

ስደውልልህስ? ዓይንህን በጨው አጥበህ «እቴ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሺ ስታስተኚ እየዋልሽ እዚህም የሰው አገልጋይ ትሁኚ? አሳዘንሽኝ፤ አንዳንዴ እንኳ አንቺም ምቺ ብዬ ነው» አልከኝ። እዘንልኝ ብዬ ለመንኩህ? የመግቢያ ቃሌን የሰጠሁህ ሳልኖር መድኃኒት ቅጠል እንድትለቅምልኝ ነው። ጨዋታው አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈቅደውን የሙያ መቀየሪያ ሳታማክረኝ ጨረስክብኝ፤ ከእንግዲህ መመለስ የለም። ለመሆኑ ማን ሾመህ?

ስማኝ ጉልቤው። እዚህ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ተሽሎት በእግሩ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አላየሁም። አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አገላብጣለሁ፤ እነሱ ግን በየቀኑ እየደከሙ ነው የሚሄዱት። ማንሳቱ አልሰለቸኝም፤ አንጀቴን የሚበላኝ ያነሳሁት ሰው አለመቆሙ ነው። እዚያ ውስጥ ግን እጄን ስዘረጋ የወደቀው ብድግ ብሎ ይሮጣል። የወሰድክብኝ እሱን ነው፤ ያውም ለእኔ አስበህ!

ባለመጥረቢያዋን ከእንግዲህ አልነካትም። አዲስ ወጌሻ ከዜሮ ጀምሬያለሁ፤ የመግቢያ ቃሉን ግን አትጠይቀኝ። አንተም ዘንዶ ከምትገድልበት ከዚያ ተራራህ ትወርድና ቅጠል ስለቅም ከተኩላ ትጠብቀኛለህ። ይህ ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ስለ ንዴቴ ግን ምንም እንዳትነግራት። አባባን ሽሮፑን ሳይደብቅ ይጠጣ በልልኝ። ሚጡን ጉንጯን፣ አክስቴን ግንባሯን ሳምልኝ። ጎሚስታውንም ሳላነሳው ስለቀረሁ ቅር እንዳይለው ንገረው።

እሑድ ከሰዓት ጀማሪዎች የሚነሱበት መንደር፣ ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ እጠብቅሃለሁ። ስትመጣ ታዲያ ተጠንቅቀህ ና፤ ለጊዜው ማዳን የምችለው ጭረት ብቻ ነው።

የተቆጣችህ ታላቅ እህትህ
ከልብስ ሰፊዋ ጋር ከምንኖርባት ክፍል
ኅዳር ፱ ቀን