ለበርሜል የፈሰሰ ውሃ

ነገሌ ቦረና፣ የካቲት 1963 ዓ.ም.

ወዳጄ ገብረሕይወት፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ጤና ነኝ፤ ግን አፍሬ ነው የምጽፍልህ።

ድራፍት የምንሸጥባት መኪና ማቀዝቀዣ የላትም። በሰጋቱራ ቀብረን ያመጣነው በረዶም መንገድ ላይ፣ ወደራ ከተማ ሳንደርስ ቀለጠ። ስለዚህ በርሜሉን በጆንያ ጠቅልለን ጆንያውን እናርሳለን፤ የቀረውን ነፋሱ ይሠራዋል። ትናንት ገበያው ዳር ውሃ አለቀብኝ። አዴ ዲንኪቱ የሚባሉ ባልቴት እንስራ አዝለው ሲያልፉ፣ «እማማ፣ ውሃ ይስጡኝ» አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እዚህ አገር ውሃ የጠየቀ መንገደኛ አይከለከልም፤ ይህን ደግሞ አውቃለሁ። «ናጋ?» ብለው ሰላምታ ሰጥተው እንስራውን አወረዱልኝ። ተቀብዬ ጆንያው ላይ ገለበጥኩት።

አልተቆጡም። «ጎህ ሲቀድ ነው ወደ ኤላው ጉድጓድ የወረድኩት። አንተ የጠማህ መስሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያ እንስራውን ወዝወዝ አድርገው አዳመጡና፣ «ትንሽ ቀርታለች፤ ይቺን እንኳ አንተ ጠጣት» ብለው መልሰው ሰጡኝ። ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሊጠጡ የመጡ ወታደሮች «እንዲህ የቀዘቀዘ ድራፍት አዲስ አበባም የለም» እያሉ ሲያመሰግኑኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ቀዳሁላቸው።

የምጽፍበት ፖስታ ካርድ ሞላ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፤ ባለቤትህን ብዙወርቅንና ልጆቹን በጣም ናፍቄያቸዋለሁ በልልኝ። ግቢያችሁ ያለው ቧንቧ ሌት ተቀን ሲንጠባጠብ ስንት ዓመት ስንስቅበት ኖርን። እኔ ከመድረሴ በፊት አሠራው፤ ድምፁን ቁጭ ብዬ መስማት አልችልም።

ያንተው አዳነ