ሳንቃውና ረጅሙ ማንገቻ

ይድረስ ለወንድሜ ለላክላን፤

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህ ብርዱን ቻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ያምሃል? ባለቤትህ ዳርሊንስ እንዴት ናት? ትንሿ ቴስ የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? የካናዳ በረዶ እስከ ሚያዝያ አይለቅም ብለኸኝ ነበርና መሬት ማየት ጀምራችሁ እንደሆነ ጻፍልኝ። እኛ ደህና ነን። ነፋሱ ያው ነፋስ ነው፤ የጓሮውን አጥር በአንድ ጎን ጥሎታል፤ ሌላው ጎን ተራውን እየጠበቀ ነው። እኔም እንዳለሁ አለሁ፤ የጎልፍ ክለቡን ወጥ ቤት አሁንም የምይዘው እኔ ነኝ።

ለአባባ ልደት የላክኸው ባለ ባትሪ የጎልፍ ቦርሳ ጋሪ እንዴት ሆነ ብለህ ጠይቀሃል። እሳቸው «ግሩም ነገር ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው እንደጻፉልህ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ ጋሪው ከዕቃ ቤት የወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የዘር ድንች ጆንያ ሊያመላልስ። ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል። እንዳትቀየም፣ አንተ የማታውቀው ነገር አለ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሜዳው ላይ ስድስተኛው የጎልፍ ጉድጓድ አጠገብ ያለውን የጅረት ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። ክለቡ ለጊዜው ብሎ አንድ ጠባብ ሳንቃ ጣለበት፤ ለጊዜው የተባለው ይኸው ቋሚ ሆኖ ቀረ። ቦርሳውን በትከሻው ያነገተ ሰው በሳንቃው ይሻገራል። ጋሪ የሚጎትተው ግን በመኪና መንገዱ ዞሮ በድንጋዩ ድልድይ መምጣት አለበት። እሱ እስኪደርስ ሌሎቹ መትተው ሄደዋል፤ ጨዋታውም ወሬውም አምልጦታል። ፖስተኛውን ሳንዲ ግራሲክን ታስታውሰዋለህ? ካቻምና ጋሪ ገዛ። የብርዱን ወራት በሙሉ ብቻውን ሲዞር ከወጥ ቤቱ መስኮት አየው ነበር። አምና ፋሲካ ላይ መምጣቱን ተወ። አሁን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። አባባ የሚፈሩት ይህንን ነው እንጂ ልባቸውን አይደለም።

ሐኪሟ ደግሞ ልብዎ ከባድ ሸክም አይችልም ብላቸዋለች። ያን የምታውቀውን የቆዳ ቦርሳ ባዶውን ሲያነሱት እንኳ ያስቃስታል። ስለዚህ ወይ ቀላል ቦርሳ መፈለግ፣ ወይ ሐሙስ ሐሙስ አብረዋቸው ከሚጫወቱት ከዶድና ከዊሊ መለየት ነበር። ተያይዘን ከተማ ወረድን፣ ወደ ፒሪ የስፖርት ዕቃ ሱቅ።

አባባ ዱላዎቻቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ የሻይ ፔርሙሳቸውንና የዝናብ ካፖርታቸውን ጨምረው ነው የሄዱት። «ቦርሳ ባዶውን አይለካም» አሉ። እያንዳንዱን ቦርሳ እየሞሉ፣ በጫማ መደርደሪያዎቹ መሃል ከበሩ እስከ ገንዘብ ተቀባዩ ድረስ ሲመላለሱ ሌላው ገዢ ግድግዳ ተለጥፎ ያሳልፋቸው ነበር። የመጀመሪያው ቦርሳ መሬት ላይ የሚቆምበት እግር ነበረው። «እግር ካለው ራሱ ይሂድ፤ እኔን ምን አደከመኝ?» አሉ። ኪሰ ብዙውን «ኪስ ካለ የሚሞላው አይጠፋም» ብለው መለሱት። ፒሪ እንደ ተማሪ ቦርሳ ሁለት ማንገቻ ያለውን አምጥቶ «አባቴ፣ ይሄኛው ሸክሙን ለሁለቱም ትከሻ ያካፍላል፤ ሐኪሞችም የሚመክሩት እሱን ነው» ቢላቸው «ልጄ፣ እኔ ትምህርት ቤት ጨርሻለሁ» አሉት።

በመጨረሻ ከጥግ አንድ ቀጭን የሸራ ቦርሳ አነሱ። አንድ ማንገቻ፣ አንድ ኪስ፣ እግር የሌለው፤ ከሰባት ዱላ በላይ አይዝም። ግማሹን ዱላ ቤት ጥለው መሄድ እንዳለባቸው ሲነገራቸው እንኳ አልተከራከሩም። እኔ ገርሞኛል። ቦርሳው ከትከሻቸው ወርዶ ጉልበታቸውን ይመታ ስለነበር ፒሪ ማንገቻውን ሊያሳጥር ዘለበቱን ያዘ። «ተወው» አሉት። «ኧረ ሲሄዱ ያደናቅፍዎታል!» «ጉልበቱ የኔ ነው።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ፎጣውን አጣጠፍኩ።

በነጋታው ሐሙስ ነበር። ዶድ ማኪ ገና ከሩቅ ሲያያቸው «ዋቲ፣ ልትጫወት ነው ወይስ ዓሣ ልታጠምድ የመጣኸው?» አለ። ዊሊ ቶሽም «ዝም በለው ባክህ፤ ግማሹን ዱላ ሸጦ በልቶት ነው» ብሎ ጨመረበት። አባባ «እናንተን ለመቅጣት ሰባቱም ይበዛል» አሏቸውና ሄዱ።

ሳንቃው ጋ ሲደርሱ እኔ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ሾርባ እያማሰልኩ አያቸው ነበር። ዶድና ዊሊ ተሻገሩ። አባባ መሃል ላይ ሲደርሱ ያ ረጅም ማንገቻ ቦርሳውን አወዛወዘው፤ ጉልበታቸውን መታቸውና ቆሙ። አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር። የአገራችንን ደንብ ታውቃለህ፤ የሰው ቦርሳ ባለቤቱ «ያዝልኝ» ካላለ አይነካም። ዶድ እንዳላየ ሆኖ ፊቱን ከሜዳው ማዶ ወዳለው ባሕር አዞረ፤ ከዳርቻው ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ ፈራሁ። ሾርባው ገንፍሎ ምድጃውን ሲያጠፋው እንኳ አላየሁም። አባባ ግን ትንፋሻቸውን ሰብስበው ተሻገሩ። «ያዝልኝ» አላሉም። ለማንም ብለው አያውቁም፤ ከእማማ የሬሳ ሳጥን የያዙትን ጫፍ እንኳ ከደጃፍ እስከ መቃብር ለማንም እንዳልለቀቁ አንተም አይተሃል።

ቤት ገብተን ራት ስንበላ ተናደድኩና ቦርሳውን አንስቼ ማንገቻውን ላሳጥር ስል «አትንኪው!» ብለው ጮኹ። ጅረት ውስጥ ሊወድቁ ነበር እኮ፣ ምን ሆነዋል አልኳቸው። ሳህናቸውን በዳቦ እየጠረጉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ላክላን ከኔ በአንድ ጭንቅላት ይረዝማል» አሉ። «በኔ ልክ ካሳጠርሽው ለሱ አይሆነውም።»

ማንገቻው ባለ ዘለበት መሆኑን፣ በአንድ አፍታ እንደሚረዝም ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ቦርሳውን ወደ ነበረበት መለስኩት።

ላክላን፣ አባባ ከዚህ በላይ መለመን አይችሉም። ስለዚህ እኔ በግልጽ ልንገርህ፤ ሐምሌ ሳያልፍ ና። ቦርሳውን አንተ ከያዝክላቸው ሳንቃውን ባዶ እጃቸውን ይሻገራሉ።

ዳርሊንን ሰላም በልልኝ፤ ለላከችው ሹራብ አመሰግናለሁ፣ ልኬ ነው። ቴስን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የአያቷን የወጣትነት ፎቶ ፈልጌላታለሁ። ዶድና ዊሊ «ያ ረጅሙ ልጅ እንዴት ነው?» ይሉሃል። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ ስለ ጋሪው የነገርኩህን ግን አያውቁምና እንዳታነሳባቸው። ማንገቻውን አልነካሁትም።

እህትህ ኤፊ

ኪርክብሬ፣ ስኮትላንድ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.