ሰም ያልተቀባው ግድግዳ

ደሬዬ፣ የቤቴ አባወራ፤

ሰላም ነህ ወይ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን ልስማ? ዓመትህ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። "ሙት ዓመት" የሚለው ነገር አሁንም ከአፌ አይወጣልኝም፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ዓመትህ እላለሁ፣ ልደትህ ይመስል።

ቡራዩ ያው እንደተውካት ናት። መንገዳችን አሁንም አልተሠራም፤ ሲዘንብ ጫማዬን በፌስታል ይዤ በቦቲ እስከ ታክሲው እወርዳለሁ። ሲፈን አድጋለች። ሹራብህን ትለብሳለች፤ እጅጌው ይረዝምባት የነበረው አሁን ልክ ሊሆናት ነው። አንተኑ ነው የወጣችው፣ ደረቅ ናት፣ አንድ ነገር ካለች አለች ነው። በር ሲንኳኳ ግን አሁንም ቀድማኝ ትሮጣለች። ያን ጊዜ ፊቷን ማየት አልችልም።

ስለ ሳሎናችን ግድግዳ ልነግርህ ነው የተነሣሁት።

መቼም ትዝ ይልሃል። የለገጣፎን ቪላ ሁሉ እንደ መስታወት ስታበራ የኛ ቤት ብሎኬቱ እንኳ ሳይለሰን ስንት ዘመን ኖረ። ሰው ሥራህን ሲጠይቅህ "ስቱኮ ቬኔዚያኖ፣ የጣሊያን ልስን" ብለህ ደረትህን ትነፋለህ፤ እኔ ከጎንህ ሆኜ "ቤታችን መጥታችሁ እዩለት" እላለሁ። ትስቃለህ። ለእኛ ቤት ጊዜ ወስጄ ነው የምሠራው ትል ነበር፤ አመንኩህም አላመንኩህም።

በመጨረሻ ጀመርክልኝ። ከሥራ መጥተህ ኖራውንና የእብነ በረዱን ዱቄት አዋህደህ፣ ስስ አድርገህ ትስባለህ፣ ሲደርቅ ደግሞ ሌላ ትደርባለህ። ነጭ ይሁንልኝ ብልህ እምቢ ብለህ ሰርገኛ ጤፍ አስመሰልከው። መሃሉ ላይ እናትህ ደጅ ያለውን ግራር አወጣህበት። ግንዱ ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ዙሪያውን ግን በልስን ብረቱ እየተጫንክ አሽተህ አሽተህ አለሰለስከው። ሰሙ ብቻ ቀረ። ሰም ካልተቀባ የነካውን ሁሉ ይጠጣል ብለህ እኔንም ሲፈንንም ከግድግዳው አባረርከን። "ገና እየተነፈሰ ነው፣ እንዳትደገፉት።"

ሰኞ ደከመኝ ብለህ ተኛህ። በዚያው ሳምንት ቀበርንህ።

ሶፋው ወጣ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ለቀስተኛው ግድግዳውን ተጠግቶ ተቀመጠ። እንዳትደገፉ የምልበት አፍ የት ነበረኝ? ግድግዳ ስለሚባል ነገር ማን አስቦ! እናትህ ከሱሉልታ የደረሱት ከዘመድ ሠርግ ላይ ተነሥተው ነው፤ ለሠርጉ ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው ነበር። ገብተው ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። "ያ ኢልማ ኮ፣ ወይኔ ልጄን" እያሉ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው አለቀሱ፤ ሰልስትህ እስኪወጣ ከዚያ ቦታ አልተነሡም።

ፍራሹ ሲነሣ አየሁት። የእናትህ ራስና ትከሻ ያረፈበት ቦታ ጠቁሯል። ቅቤውን ግድግዳው ጠጥቶታል። በሩ ላይ ቆሞ ለሚያየው፣ ከዛፉ ሥር ሰው የተቀመጠ ይመስላል። ሲፈን "የአያቴ ቦታ" ብላ ስም አወጣችለት።

ቶሎሳ፣ ያ አብሮህ ሲሠራ የኖረ ጓደኛህ፣ አልጠፋብንም፤ ይመጣል፣ ይጠይቀናል። ባለፈው ወር እድፉን አይቶ አዘነ። ዓመቱ ሳይደርስ የላይኛውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ልድገመው፣ እናቱም ሲመጡ አያዩትም አለኝ። ልቡ ቅን ነው። ግን የላይኛው ማለት እኮ የመጨረሻው ያንተ እጅ ነው። እሱ ከተፋቀ የቶሎሳ ግድግዳ ነው የሚቀረኝ። ካልተፋቀ ደግሞ እናትህ የልጄን ሥራ አበላሸሁ ብለው ሁለተኛ ሊሰበሩብኝ ነው። ቶሎሳን ነገ እነግርሃለሁ እያልኩ አቆየሁት። አንተ ብትኖር ምን ትል ነበር? ትስቅ ይሆናል፣ ትቆጣም ይሆናል። ስንኖር ሁሉን የማውቅልህ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ይህችን እንኳ አለማወቄ በጣም አስለቀሰኝ።

እሑድ ስለ ዝክሩ ልንመካከር እናትህ መጡ። እኔ ብልጧ ሶፋውን ገፍቼ እድፉን ጋርጄዋለሁ። ገና ሳይቀመጡ ልጅህ "አያቴ፣ ቦታሽ እኮ ከሶፋው ጀርባ ነው" አለቻቸው። ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሶፋውን ሳብን። ብዙ ቆመው አዩት። "እኔ ነኝ?" አሉ። አዎ አልኳቸው። ልቅሶ ሲነሣ ልይዛቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አላለቀሱም። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ከታች ወደ ላይ፣ ደግሞ ወደ ጎን ሳብ ሳብ አደረጉት። ቤታቸውን በጭቃና በእበት ሲለስኑ አንተ በትንንሽ እጆችህ ከኋላቸው ታለሰልስ እንደነበር ያን ቀን ነገሩኝ። አንተ ግን ለእኔ ጣሊያን ያስተማረህ ነበር ያስመሰልከው! "ሀርካ ኮ" አሉ፣ "የእኔ እጅ ነው።" ቀጥለው ምን እንደቀረው ጠየቁኝ። ሰም ብቻ አልኳቸው።

የሰሙን ጣሳ ከመሣሪያዎችህ መሃል አመጣሁ። ክዳኑ አንተ እንደገጠምከው ነበር፤ በማንኪያ ፈልቅቄ ከፈትኩት። በጨርቅ ነው የሚቀባው ብላቸው አልሰሙኝም፣ በመዳፋቸው ጀመሩ። እድፉ ጋ ሲደርሱ እንደ ሌላው ቀብተውት አለፉ። እኔ ከኋላቸው በጨርቅ እያሸሁ ተከተልኩ፤ ሲፈን ከታች በኩል ግንዱን ያዘች። ስንጨርስ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ተኛ። አንተን ፈልጌ ዞርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያልቅ ወደ ኋላ ሄደህ አንገትህን ዘንበል አድርገህ ታይ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ማንም የለም። ያኔ ነው ሁላችንም ያለቀስነው።

ለቶሎሳ አይፋቅም አልኩት። እሱም ዳስሶ አየውና ሰሙ ትንሽ በዝቷል ከማለት ሌላ አልተናገረም። አንተም ይህንኑ ትል ነበር።

ለዓመትህ ሶፋው ይወጣል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ እናትህ ከግራሩ ሥር ይቀመጣሉ። የመጣ ሰው ሁሉ እንዳሻው ይደገፍ። ግድግዳህ ከእንግዲህ ምንም አይጠጣም፤ የጠጣውንም አይለቅም። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ደሬዬ።

ያንተው ሰናይት