«ለእማዬ» ተብሎ የተላከው ካርቶን

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት የሚያነባው የግራው ተሻለው ወይስ የቀኙም ተከተለው? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ዛሬ እንደ ሌላ ጊዜ ለወጉ አይደለም፤ አስቤበት ነው። ይህን የሚያነብልሽ ታናሽ ወንድሜ እንደ ልማዱ ረዘም ያለውን እየዘለለ ካነበበ በኩርኩም በይልኝ። ዛሬ የጻፍኩት የሚዘለል የለውም።

ስልኩን ባልዲ ውስጥ ከጨመረ ወዲህ የጻፈልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ላፕቶፕ ልኬላችኋለሁ ብዬ አገር ካሳወጅኩ በኋላ ከካርቶኑ የሴት ልብስ፣ ጫማና ፀጉር የተጠመጠመበት ማበጠሪያ መውጣቱ ምንድነው ብሏል። ሹራቡን አንስተሽ አሸተትሽና «ይሄ የልጄ ጠረን አይደለም» አልሽ አሉ። እውነትሽን ነው፣ የኔ አይደለም። ግን ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩሽ አይገባሽም፤ በስልክ ደግሞ ድምፅሽን ስሰማ እንባዬ ይቀድመኛል።

ላፕቶፑን ለምን እንደገዛሁት ታውቂያለሽ። የዓይን ሐኪሙ ብርሃንሽ እየደከመ ነው፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ለመናገር ይከብደኛል ብሎሻል። በወንድሜ ስልክ የምልከው ፎቶዬ ደግሞ ለአንቺ ከጉንዳን አይበልጥም። ስለዚህ ዓይንሽ ሳይጨልም አንድ ጊዜ ፊቴን በሰፊው፣ ጥግብ ብለሽ እንድታዪኝ ፈለግሁ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

የምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አጠገብ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚጠግንና የሚሸጥ ሰው አለ። እናትሽ ኮምፒውተር ትችላለች ወይ ሲለኝ ሬዲዮ ለመክፈት እንኳ ጎረቤት ትጠራለች አልኩት። አትቀየሚኝ፣ ሐሰት አልተናገርኩም። ሰውዬው ስቆ ሲያበቃ ክዳኑ በተነሳ ቁጥር ራሱ በርቶ በቀጥታ ወደ እኔ ስልክ በምስል እንዲደውል አድርጎ አስተካከለልኝ። ከአገር የመጣ ሲም ካርድም ከነኢንተርኔቱ ከውስጡ አስገባንበት። ምንም የሚነካ የለም፣ እንደ ድስት ክዳኑን ማንሳት ብቻ ነው።

ጥፋቱ የመጣው ዕቃ ላኪው ዘንድ ነው። የተቀባይ ስም ሲለኝ አፌ ተያዘ። እኔ አንቺን በስምሽ ጠርቼሽ አላውቅም፤ አባዬ እንኳ ነፍሱን ይማረውና «እሷ» ነበር የሚልሽ። በሰው ፊት እንደ እኩያዬ ስምሽን መጥራት ነውር መሰለኝና በወፍራም እስክሪብቶ «ለእማዬ» ብዬ ጻፍኩበት፤ የወንድሜን ስልክ ቁጥርም በወረቀት ለጠፍኩበት። ላኪው ፈገግ ብሎ ግማሹ መጋዘን የእማዬ ነው አለኝ። ከጎኑ የነበረው ካርቶንም በመጠን እኩያው ነው፣ እሱም ላይ «ለእማዬ» ይላል። እንደኔ ያለች አንዷ ናት ብዬ ደስ አለኝ። የለጠፍነው ወረቀት መንገድ ላይ ተላቅቆ ሳይቀያየር አልቀረም።

ከዚያ አንድ ቀን ቀትር ላይ አንሶላ እያጠፍኩ ስልኬ በራ። መስኮት ከጀርባዋ ያደረገች አሮጊት ተቀምጣለች። ብርሃኑ ከኋላዋ ስለሆነ ፊቷ ጥላ ነው፤ የሚታየኝ ሻርፕ የለበሰ ራስና ትከሻ ብቻ። ግድግዳው አረንጓዴ ነው፤ ወንድሜ ቤቱን ቀለም አስቀባለሁ ብሎ ስለነበር አልገረመኝም። እማዬ ብዬ ስጮህ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ዞሩ። መልስ የለም። ድምፁ ጠፍቶ እንዳይሆን ብዬ አዳመጥኩ፤ በር ሲጢጥ ሲል፣ ውጭ ሰው ሲያስል ጥርት ብሎ ይሰማኛል።  በመጨረሻ ጣቷን ዘረጋችና ፊቴን ነካች፤ ጣቷ ስልኬን ሞላው።

ኩርፊያ መሰለኝ። ኩርፊያሽን አውቀዋለሁ፤ አባዬን አንድ ክረምት ሙሉ በእኛ በኩል እያናገርሽ ያሳለፍሽ ሴት ነሽ። ይህን ያህል ዘመን ቀርቼብሽ በአንድ ቀን አትታረቂኝም ብዬ ተውኩሽ።

በማግስቱም ደወለ፣ ከዚያም ወዲህ በየቀኑ። ሁልጊዜ ስልኩ ሲበራ ቀድማ ተቀምጣለች። ስትመጣ አይቻት አላውቅም፣ ስትነሳም አይቻት አላውቅም። ከኋላዋ በበሩ ሥር የቆመ ሰው እግር ይታየኛል፤ እኔ ስናገር ይቆማል፣ ዝም ስል ይሄዳል። በዚያ ቤት የሚሳቅ ሳቅ፣ ጮክ ብሎ የሚጠራራ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ሁሉም በጣቱ ይራመዳል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ሻይ ይዛ ገባች፤ ምራትሽ መሰለችኝና ሰላም አልኳት። ፊቴን ስታይ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ፤ አፏን ይዛ ወደ ኋላዋ ወጣች። አሮጊቷ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

እኔ ግን ከመናገር አልቦዘንኩም። ምሳዬን እየበላሁ የሆዴን ሁሉ አወራሁ። እንዳረጀሁ፣ እጄ በሳሙና እንደተላጠ፣ አንዳንዴ ከሰው መሐል ሆኜ ሰው የማያየኝ እንደሚመስለኝ። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። እግዜር ይይልኝ፣ እንደዚያ ያዳመጠኝ ሰው የለም።

የወንድሜ ደብዳቤ የደረሰኝ ይህን ጊዜ ነው። ላፕቶፕ የሚባል ነገር አልደረሰንም የሚለው ላይ ስደርስ ክው አልኩ። እንግዲያ ያቺ ማን ናት? ደብዳቤውን ሳላጥፍ ስልኬ በራ። ተቀምጣለች። «እማማ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አልኳት፤ ድምፄ የኔ አይመስልም።  በበሩ ሥር ያለው እግር ተንቀሳቀሰና አንድ ጎልማሳ ገብቶ ላፕቶፑን ብድግ አደረገው። ጣሪያ፣ ኮሪደር፣ ፀሐይ እየተገለባበጠ አለፈ፤ ከዚያ ከአንድ የእንጨት ክምር አጠገብ ቁጭ ብሎ በሹክሹክታ ያናግረኝ ጀመር።

አናጢ ነው፣ የሴትዮዋ የበኩር ልጅ። እህቱ እኔ ባለሁበት በሰው አገር ስትሠራ ታማ ሞተች፤ እዚሁ ተቀበረች። የእናቲቱ ልብ ደካማ ነው፣ ድንገተኛ መርዶ አይችልም ስላሏቸው እስከ ዛሬ ሞቷን ደብቀዋታል። ሟቿ በቁሟ ሳለች ለእናቷ ዕቃ ልትልክበት «ለእማዬ» ብላ የጻፈችበት ባዶ ካርቶን ነበር፤ አብረዋት የሚኖሩት ልብሷን በዚያው አድርገው ላኩት። ወንድምየው መንገድ ላይ ጠብቆ ሊያስቀረው አስቦ ነበር። ነገር ግን እሱ ሥራ ላይ ሳለ ካርቶን ደረሰ ተብሎ እናቲቱ እጅ ገባ፤ እሱም የኔው ሆኖ ተገኘ። ራሷ ከፈተችው፣ ክዳኑንም ራሷ አነሳችው። ከልጄ ጋር አወራሁ ስትላቸው ጨርቋን የጣለች መስሏቸው ነበር። አልጋ ይዛ የነበረችው ሴት ከዚያ ወዲህ ተነሥታ መቀመጥ ጀመረች፣ እህልም ቀመሰች።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ ዕቃው ያንቺ ነው፤ ካልሽ ነገውኑ ለእናትሽ አደርሳለሁ። ግን እሷን ምን ልበላት?»

አዘንኩለት፣ ቢሆንም ጨከንኩ። የኔም እናት ዓይኗ እየጠፋ ነው፣ ሳትታወር ልታየኝ ይገባል አልኩት። ይገባኛል ብሎ አንገቱን ደፋ። እንግዲያው ተሰናበቻት ብሎ ላፕቶፑን መልሶ ፊቷ አስቀመጠውና በሩን ዘግቶ ወጣ።

እማዬ፣ የፈራሁት አሁን ነው። ሴትዮዋ ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ከወንበሯ ወደ ፊት አለችና ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ሥጋው ያለቀ፣ ግን ፈገግ ያለ ፊት ነው።

«ሄደ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

«እንደሞትሽ አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እነሱ የማላውቅ ይመስላቸዋል። እንዳትነግሪያቸው፣ ይደነግጣሉ።»

 እሷም ጎረቤት እንደምታጫውት ሴት ቀጠለች። ሞት መልክሽን ትንሽ ለውጦብሻል፣ ግድ የለም፣ መጣሽልኝ አለች። ያለሽበት ይበርዳል ወይ አለችኝ። ከኋላዬ የማጠቢያው እንፋሎት እየተነሳ ነበር፤ አይበርድም አልኳት። ቀጥላም፦

«አባትሽን አገኘሽው?»

በሕይወት አለሁ፣ የሌላ ሰው ልጅ ነኝ ልላት ነበር። እመኚኝ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን «አግኝቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚል ሆነ። ይህን ስል ከፊቴ ድቅን ያለው የኛው አባዬ ነው፤ ቆሞ የሚሰማኝ ይመስል አንገቴን ቀዘቀዘኝ። እሷ ተመስገን ብላ ክዳኑን በገዛ እጇ ዝቅ አደረገችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ብዬ ሰው ካልመለሰልኝ እደነግጣለሁ። አንሶላ ሳጥፍ ቆም ብዬ እጄን አያለሁ። በቁሜ አንድ እናት ከሙታን መሐል ቆጥራኛለች፤ እኔም እሺ ብያታለሁ።

አናጢውን ላፕቶፑን እዚያው ለእናትህ ተወው አልኩት። ላንቺ የገዛሁትን ለሌላ ሰው እናት መተዌ ከከፋሽ ተቆጪኝ፣ ሐቅ አለሽ። ሌላ ለመግዛት ደግሞ ፈራሁ፤ ከዚያ መስታወት ውስጥ ፊቴን ላሳይሽ አልፈልግም። ስለዚህ ራሴ እመጣለሁ። ኃላፊዬን ፈቃድ ጠይቄ ከብዙ ማጉረምረም በኋላ እሺ ብላለች፤ ተተኪ እንደተገኘ እነሣለሁ። እስከዚያ ዓይንሽን አቆዪልኝ። ጠብታውን አታቋርጪ፣ ፀሐይ ላይ አትቀመጪ። ልብሱን አናጢው መጥቶ ስለሚወስድ ሹራቡን ለብሰሽው ከሆነ አውልቀሽ አጣጥፈሽ አስቀምጪለት። እንዳይታጠብ ብሏል፣ ጠረኗ እንዳይለቅ።

ታናሽ ወንድሜን ሰላም በይልኝ፤ ስልክ ይግዛ፣ ባልዲም ይራቅ። ምራትሽን ከነሆዷ ሰላም ብያለሁ፤ ሳትወልድ እደርሳለሁ። አክስቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ወገቧን ለቀቅ አድርጓት እንደሆነ ጻፉልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው እንደምን አሉ? ቀሚሴን ሳይሰፉ እንዳያረጁ።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ይህ ተነቦ ሲያልቅ ደጅ ወጥተሽ ስሜን ጮክ ብለሽ ጥሪው፤ ጎረቤቱም ይስማ። እዚያ ቤት ሞቻለሁ። አንቺ ግን በሕይወት እንዳለሁ እወቂልኝ።

ልጅሽ
ከሰው አገር፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ
ጥር ፲፩ ቀን