ስለ አንዲት ትርፍ “ተ”

ለጓድ ሙሉአለም፣ የኮሌጁ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለሳሪስ አቦ ገበያ መግቢያ ግድግዳ፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ቃሊቲ፣ መጋቢት 1975 ዓ.ም.

እጅግ የተከበሩ ጓድ ኃላፊ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎ ሰላም፣ የምግብ ፍላጎትዎ ሙሉ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ለጆሮዎ ለብቻው መጸለዬ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ከዚህ በታች በትሕትና አስረዳለሁ።

እኔ ደርዊሽ ሙሀመድሰዒድ እባላለሁ። ዕድሜዬን ከአሰብ ወደ ቃሊቲ መጋዘኖች ተሳቢ ስነዳ የጨረስኩ፣ ፊደልንም ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን በጆንያና በሳጥን ላይ ከተጻፈው የለየሁ ሽማግሌ ነኝ። በኮሌጅዎ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆነችው ሰዓደት የልጄ የኡምሀኒ ልጅ ናት። ስሟን በአደባባይ የምጽፈው ራሷ “አባባ፣ ስሜን ይጻፉት፤ ማፈር ያለብኝ እኔ አይደለሁም” ስላለችኝ ነው።

የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፤ ግልባጩ የደረሳቸው ግን አያውቁምና ባጭሩ ልናገር። የዓለም የሴቶች ቀን ሊከበር ሰሞን፣ በኮሌጃችሁ የወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ የሆነው ፈቀደ፣ የእጅ ጽሑፏ ያምራልና መፈክር እንድትጽፍ ብሎ ሰዓደትን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ጠራት። ሄደች። “ያለ ሴቶች ተሳትፎ” የሚለውን ጽፋ የቀረውን ሳትጨርስ በሩን ቆለፈባት። ደፈራት። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ከዚህ ያነሰም አልጽፍም።

መፈክሩ ዛሬም በኮሌጁ በር ላይ ተሰቅሏል። እግር ጥሎት በዚያ የሚያልፍ ሰው ልብ ብሎ ቢያይ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃላት በአንድ እጅ፣ የቀሩት በሌላ እጅ እንደተጻፉ ይለያል።

እንግዲህ ስለተደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ሰዓደትን ሰኞ ጠዋት በቢሮዎ ተቀብለው ስላነጋገሯት አመሰግናለሁ። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ጸሐፊዎችዎና ወረቀት ሊያስፈርም የቆመው የኮሌጁ ዘበኛ እየሰሙ፣ “ተናገሪ እንጂ ልጄ፣ ስብሰባ አለብኝ” አሏት። “ፈቀደ ደፈረኝ” አለች። “ምን ብሎ?” አሏት። “ምን ብሎ ነው የተዳፈረሽ? ሰደበሽ? በእናትሽ መጣ?” አሏት። እሷም ያላት ቃል ያ አንዱ ብቻ ነበርና እያለቀሰች ደገመችው። እርስዎም ብዕርዎን አንስተው “ጓድ ፈቀደ ተዳፈረኝ ስትል አመልክታለች” ብለው በቃለ ጉባኤው መዝገብ ጻፉ። “ደ”ን ወደ “ዳ” ሳብ አድርገው፣ ከፊቷ አንዲት “ተ” ቀጥለው፣ ወንጀሉን የባለጌ አነጋገር አደረጉት። በሹፍርና ዘመኔ ብዙ ነገር ሲገለበጥ አይቻለሁ፤ ሙሉ ጭነት በአንዲት ፊደል ሲገለበጥ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እርግጥ የጆሮ ስህተት መስሎኝ ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ራሴ መጥቼ፣ ከጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ፣ አያት ስለ ልጅ ልጁ አፉን ሞልቶ ሊናገረው የሚከብደውን ነገር በሙሉ ድምፅ ነገርኩዎ። ዘበኛው እንኳ አንገቱን ደፋ። እርስዎ ግን ቀና ብለው “አባባ፣ በቃለ ጉባኤ የተያዘ ነገር አይታረምም” አሉኝ። ጆሮዎ ፍጹም ጤነኛ መሆኑን ያረጋገጥኩት ያን ጊዜ ነው። አልሐምዱሊላህ።

ሁለተኛ፦ ስለ ፍርድዎ ፍጥነት። ነገሩ ስድብ ከሆነ ዘንዳ መድኃኒቱ ሂስና ግለሂስ ነው ብለው፣ በሚመጣው ዓርብ በተማሪዎች ስብሰባ ፊት ፈቀደ “በአነጋገሬ ድፍረት አሳይቻለሁ” ብሎ ግለሂስ እንዲያደርግ ወስነዋል። አድልዎ እንዳይሆንም ሰዓደት በበኩሏ “ብቻዬን ወደ ቢሮ በመሄዴና ነገሩን በንዑስ ከበርቴ ስሜታዊነት በማጋነኔ” እያለች ግለሂስ እንድታደርግ፣ ከዚያም ሁለቱ እንዲጨባበጡ፣ ጉባኤውም እንዲያጨበጭብ ታዟል። እምቢ ካለች ከኮሌጁ ትባረራለች። ጓድ ኃላፊ፣ የጠራት እሱ፣ በሩን የቆለፈው እሱ፣ ተጸጸቺ የተባለችው እሷ! ደግሞም ያንን እጅ እንድትጨብጥ!

ሦስተኛ፦ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። “ከኮሌጁ ደብዳቤ አምጡ” አሉን። ወደ እርስዎ መጣን። “ጉዳዩ በውስጥ አልቋል” አሉን። አመሰግናለሁ።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ትምህርት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በሰፈራችን ክሊኒክ የምትሠራው ነርስ፣ ሲስተር ብዙወርቅ፣ በጥቅምት ወር ወደ እናንተ መጥታ ተማሪዎቹን ስለ አካላቸው፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ አባላዘር በሽታ፣ እምቢ ስለ ማለትና እምቢታን ስለ መስማት፣ ጉዳት የደረሰበትም ሰው ወዴት መሄድ እንዳለበት ላስተምር ብላ ነበር። እናንተም በደስታ ተቀበላችኋት፤ “ከእምብርት በታች ያለውን ትተሽ አስተምሪ” አላችኋት። ስለዚህ ስለ ጥርስና ስለ ቅማል አስተማረች። ሰዓደትም ጥርሷን እንዴት እንደምትፍቅ አጥንታ ወጣች።

ያች ቅዳሜ በመጣች ጊዜ ግን ወዴት እንደምትሄድ አላወቀችም። ልብሷን አጠበች፤ ገላዋን ደጋግማ ታጠበች። ከውሃው ጋር ማስረጃው እንደሚሄድ የነገራት አልነበረም። ከቢሮዎ ወጥታ ቤት ገብታ፣ እናቷ ኡምሀኒ በግድ እስክታወጣጣት ድረስ፣ ለዚህ ነገር ሕክምና መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር። በቢሮዎ ቆማ ሌላ ቃል ያጣችውም ማንም ሌላ ቃል ስላላስተማራት ነው።

ክሊኒክ ስንወስዳት ሲስተር ብዙወርቅ በሯን ዘጋች፤ አጠገቧም ቁጭ አለች። “ጥፋቱ ያንቺ አይደለም የኔ ልጅ፤ እኔም የምነካሽ እሺ ስትዪኝ ብቻ ነው” አለቻት። መረመረቻት፤ መድኃኒት ሰጠቻት፤ “በሚመጣው ሳምንትም ነይ፤ ማውራት ባትፈልጊም ነይና ዝም ብለን እንቀመጣለን” አለቻት። ከዚያ ወጥታ ወደ ቤት ስንመለስ ልጅቷ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ አለች። እናቷ መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች። ጓድ ኃላፊ፣ ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው የሚዘጋ በርና የምታዳምጥ አንዲት ሴት ነው። ኮሌጃችሁ ለመፈክር መጻፊያ የሚሆን ክፍል አለው፤ ለዚህ የሚሆን ግን የለውም።

ነገሩ ነውር ነው ይሉኝ ይሆናል። ነውርን ከእኔ አብልጦ የሚጠላ ካለ ይምጣና እንተያይ፤ በቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚስቅ እንኳ የለም። ነገር ግን ነውር ማለት በዚያ ቢሮ ውስጥ የተሠራው ነው፤ ስሙን ስንጠራው አይጨምርም፣ ስንደብቀውም አይቀንስም። ይህን በመጻፌ አድሃሪ ሊያስብሉኝም ይችላሉ። ቤቴ ከሚዛን ጣቢያው ማዶ፣ የዛገ የጭነት መኪና በር እንደ አጥር የቆመበት ነው፤ ለመጠየቅ አትቸገሩ።

ለማንኛውም ዓርብ እንመጣለን። እኔ፣ ኡምሀኒና ሲስተር ብዙወርቅ ሰዓደትን መሀል አድርገን ከፊት ወንበር እንቀመጣለን። ግለሂስ አታደርግም። አትጨብጥም። ተራዋ ሲደርስ ተነስታ ያንን አንድ ቃል፣ ብዕርዎ ከመነካካቱ በፊት እንደነበረው፣ ጉባኤው ሁሉ እየሰማ ትናገራለች። እዚያው ፖሊስ ጣቢያው አምጡ ያለንን ደብዳቤ እንጠይቅዎታለን፤ እስኪጽፉም እንጠብቃለን፤ እኔ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝና መጠበቅ አይሰለቸኝም። ሰኞ ሰዓደት ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ከኮሌጁ መውጣት ያለበት ማን እንደሆነ እርስዎም፣ እኔም፣ ዘበኛውም እናውቃለን።

የጆሮዎን ጥራት፣ የብዕርዎንም ቅልጥፍና ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣ በክብርዎም ላይ አንዲት ፊደል ሳልጨምር፣

ደርዊሽ ሙሀመድሰዒድ
ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የሰዓደት አያት

ማሳሰቢያ፦ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ የለጠፋችሁትን ቃለ ጉባኤ ቆሜ አነበብኩት። “ፈቀደ” የሚለው ስም በየመስመሩ አለ፤ ፈቀደ አስረዳ፣ ፈቀደ ተጸጸተ፣ ፈቀደ ይቅርታ ሊጠይቅ ተስማማ። “ፈቀደች” የሚል ግን ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁ። እንደ ልማድዎ ከኋላው አንዲት “ች” ልቀጥል ብለው ካሰቡ፣ እባክዎ አይቸኩሉ፤ ዓርብ እሷ ራሷ ከፊትዎ ትቀመጣለች፣ ይጠይቋት።